ማታ ማታ የምዘጋት በር

ያስደነገጠኝ ዝምታው ነው። ዳክዬ ያሳደገ ሰው ያውቀዋል፤ ማታ ወደ ቤታቸው ስትጠጉ ያጉረመርማሉ። ጩኸት አይደለም። ሴቶች ቡና ላይ ተሰብስበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ከጓዳ የሚሰማው ዓይነት ነው። ያን ቀን ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ግቢ ስገባ መብራት ጠፍቷል፣ ዝናቡ አባርቶ ከቆርቆሮው ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከዳክዬዎቹ በኩል ምንም ድምፅ የለም። በራቸው ክፍት ነው። 12 ሰዓት ተኩል ላይ መዝጋት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

የስልኬን መብራት ወደ ውስጥ አበራሁ። ቡሬ ጥግ ላይ ግድግዳው ጋ ተለጥፋ ቆማለች፤ አንገቷ ቀጥ ብሎ ደርቋል። ዳማና ኩሪ ከኋላዋ ተደራርበዋል። ሻሼ በሩ አጠገብ በጎኗ ተኝታለች። አንገቷ ላይ ከላባው ሥር ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ አለ፤ ከዚያ ውጪ ነጭ ላባዋ ላይ ደም እንኳ ብዙ አይታይም። ሳነሳት ገና ትሞቃለች። ሚጢጢ የለችም።

ያ ሙቀት ከእጄ አልጠፋ ብሎ፣ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ብደርስ ኖሮ እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

የት ነበርሽ ብትሉኝ ሐይቁ ዳር ነበርኩ። ታናሽ እህቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ሀዋሳ መጥቶ ሐይቁን ሳያይ የሚመለስ ሰው የለምና ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ዳርቻ በኩል በእግራችን ተንሸራሸርን፣ ዓሣ በላን፣ ልንነሳ ስንል ዝናቡ መጣ፣ ሻይ አዘዝን። ሰዓቱን አይቼዋለሁ። 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን አይቼዋለሁ፣ 1 ሰዓት ሲሆንም አይቼዋለሁ። "ዳክዬ እኮ ናቸው፣ አንድ ቀን ቢያመሹ ምን ይሆናሉ?" አለችኝ እህቴ። እኔም እሺ አልኩ። በእሷ አልፈርድም። ዳክዬዎቹን የማውቃቸው እኔ ነኝ።

ጠዋት የሰፈሩ ሰው ሁሉ የየራሱን ፍርድ ሰጠ። አንዱ ጅብ ነው አለ፤ እኛ ጋ ሌሊት ጅብ ሲጮኽ መስማት ብርቅ አይደለም። ሌላዋ የጎረቤት ድመት ናት አለች። ሌባ ነው ያለም አልጠፋም። ከጎናችን ያሉት አዛውንት፣ ሰፈሩ በሙሉ አባባ የሚላቸው፣ ምንም ሳይናገሩ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ጭቃውን ማየት ጀመሩ። ገጠር ነው ያደጉት። ከብትም ዶሮም ጠብቀዋል።

"ጅብ ቢሆን ላባ እንኳ አያስተርፍልሽም ነበር ልጄ" አሉኝ። "ውሻ ቢሆን አምስቱንም አዳርሶ፣ ዘነጣጥሎ፣ አንዷንም ሳይበላ ጥሏቸው ይሄዳል። ጭልፊት በጨለማ አይመጣም። በቀን ቢመጣ ደግሞ ላባውን እዚያው ነጭቶ ዙሪያውን በትኖት ታገኚዋለሽ። ይቺ ግን አንገት ነው የያዘችው። አንዷን ይዛ ሄደች፤ ሁለተኛዋን ልትወስድ ስትል አንቺ ደረስሽ።"

ከዚያ እንሰቱ ሥር ያለውን እርጥብ አፈር አሳዩኝ። ዱካው የድመት ይመስላል፤ ትንሽና ክብ ነው። ከዱካው ጎን ጭቃው ላይ የሆነ ነገር የተጎተተበት መስመር እስከ ቅንጭቡ አጥር ይሄዳል። ሚጢጢን እዚያ አገኘናት፤ ግማሿን። አጥሩን ታክኮ የበቀለው አቮካዶ ግንድ ላይ ደግሞ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ አንዲት የሆድ ላባ ተጣብቃለች።

"ሸለምጥማጥ ናት" አሉ አባባ። "ዛሬም ትመጣለች። ቤቱን አውቃዋለች።"

እውነታቸውን ነበር። የተረፉትን ሦስቱን ኩሽና ውስጥ ቆልፌባቸው፣ እኔና አባባ በረንዳው ላይ ወንበር ይዘን ተቀመጥን። ከምሽቱ 3 ሰዓት አለፍ ሲል አባባ ጉልበቴን ነካ አደረጉኝና የእጅ ባትሪውን ወደ አቮካዶው አበሩት። ሁለት ዓይን አበራ። ከዚያ ቀስ እያለ ሌላው አካሏ ታየን፤ ድመት ትመስላለች ግን ድመት አይደለችም፣ ቀጭንና ረዥም ናት፣ ግራጫ ቆዳዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፣ ጅራቷ ጥቁርና ነጭ ቀለበት ቀለበት እየሆነ ከአካሏ እኩል ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። አባባ መብራቱን አጠፉት። ስትወርድ ቅጠል እንኳ አልተንኮሻኮሸም። በኩሽናው መስኮት በምትወጣው ትንሽ ብርሃን ጥላዋን አየሁት። ቀጥታ ወደ ዳክዬዎቹ ቤት ሄደች። በሩን አሸተተች። ዞረች። ከዚያ በጭቃው ግድግዳ ሥር ያለውን እያንዳንዱን ስንጥቅ፣ አንዱንም ሳትዘል፣ አፍንጫዋን እያስገባች ሞከረችው። አራቱንም ማዕዘን ዞራ ስትጨርስ ቆርቆሮው ላይ ወጥታ ከላይ ደግሞ ጀመረች።

ያን ሳይ ንዴቴ ለቀቀኝ። ልክ እንደኔ ሥራዋን እየሠራች ነው። ልዩነቱ እሷ ሥራዋን በየማታው ትሠራለች፤ እኔ ግን ባለፈው ማታ ቀረሁ።

ዳክዬ ለምን እንደማሳድግ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሥጋውን በኛ ሰፈር የሚበላው የለም ማለት ይቻላል፤ እንቁላሉንም ቢሆን ደፍሮ የሚቀበለኝ ጎረቤት ጥቂት ነው። "ታዲያ ምን ይሠራልሻል?" ይሉኛል። የሥራ ባልደረባዬ ከተማ ለቃ ስትሄድ ነው አምስቱን በካርቶን አምጥታ የሰጠችኝ፣ ለአንድ ሳምንት ብላ። ይኸው አራት ዓመት ሊሆነን ነው። ስሄድ ይከተሉኛል። ልብስ ሳጥብ ሳፋው ውስጥ ካልገባን ብለው ያስቸግሩኛል። ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ቤት ሲሮጥ እነሱ ወደ ውጪ ይሮጣሉ። ከሥራ ደክሞኝ ስመጣ አጥሩ ጋ ድምፄን ሰምተው አንገታቸውን እያወዛወዙ ሲንጫጩ፣ ሰላምታ እንደሰጡኝ ነው የምቆጥረው።

አስሬ ላሳድጋቸው አልፈልግም። ዳክዬ መዞር አለባት፤ ሣር ውስጥ አፍንጫዋን መክተት፣ ቀንድ አውጣ መልቀም፣ ጭቃ ማቡካት አለባት። ከእንሰቱ ሥር ቀኑን ሙሉ ሲርመሰመሱ ላያቸው ሰው ሌላ ኑሮ አይመኝላቸውም። ቀን የምለቃቸው ከሆነ ግን ማታዋ የኔ ኃላፊነት ናት። ይህን ነው ዘግይቶ የገባኝ።

ዶሮ ያሳደጋችሁ ሰዎች፣ እዚህ ላይ ነው የምትሳሳቱት። እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። እናቴ ዶሮ ነበራት። ዶሮ ሲመሽ ራሷ ትገባለች፤ ማንም ሳይነግራት ቆጧ ላይ ወጥታ ትተኛለች። ከዚያ በኋላ የቀረው ከኋላዋ መዝጋት ብቻ ነው። ዳክዬ እንዲህ አይደለችም። ሲመሽ ይባስ ትነቃቃለች፣ በጭለማ ጥሩ ታያለች፣ ትልና ቀንድ አውጣ የሚወጣውም ያኔ ነው። ካላስገባችኋት ውጪ ታድራለች። ቆጥ ላይም አትወጣም፤ መሬት ላይ ነው የምትተኛው። ስለዚህ የምታድረው አዳኙ በሚሄድበት መሬት ላይ ነው ማለት ነው።

ደግነቱ ዳክዬ መንዳት ቀላል ነው። ተከታትለው ነው የሚሄዱት። እጄን ሰፋ አድርጌ፣ በአንዱ እጄ ቀጭን ዱላ ይዤ፣ ከኋላቸው ቀስ ብዬ እሄዳለሁ። መሮጥ አያስፈልግም፤ ከሮጣችሁ ይበተናሉ፣ እግራቸውም ደካማ ስለሆነ ይጎዳሉ። ፈጽሞ በእግራቸው አታንሷቸው። መጀመሪያ ሰሞን በሩ ላይ ደርሰው እምቢ ይሉኝ ነበር፤ ምክንያቱ ቆይቶ ነው የተገለጠልኝ፣ ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ነው። አሁን ትንሽ አምፖል አበራና በጣሳ ፉርሽካ ይዤ አንኳኳለሁ። በሁለት ሳምንት ለመዱት። ዛሬ ጣሳውን ሲሰሙ ቡሬ ከፊት፣ ዳማና ኩሪ ከኋላ፣ ሰልፍ ይዘው ይመጣሉ።

ሰዓቱን በተመለከተ እኛ ዕድለኞች ነን። በብርዱ ወራት 10 ሰዓት ሳይሞላ የሚጨልምባቸው አገሮች አሉ፤ እዚያ ያሉ ሰዎች መዝጊያ ሰዓታቸውን በየወሩ ሲያስተካክሉ ይኖራሉ። ሀዋሳ ግን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት እንዳለፈ ትጠልቃለች፣ ሐምሌ ላይ ወደ 12 ሰዓት ከ45 ትጠጋለች። ዓመቱን ሙሉ ልዩነቱ አንድ ሰዓት አይሞላም። ከሥራ 11 ሰዓት ተኩል እወጣለሁ፣ ባጃጅ ይዤ 12 ሰዓት ላይ ቤት ነኝ። እሑድም ቢሆን፣ እንግዳም ቢኖር፣ ያቺን ሰዓት ለማንም አልሰጥም።

ቤታቸውን ደግሞ እንደ አዲስ ሠራሁት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው በዚህ ስለሆነ። የመጀመሪያ ጊዜ ሽቦ ልገዛ ስሄድ ሻጩ ያቺን ቀጭን፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳዋን ሽቦ ሰጠኝ። "ለዶሮ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ጅብም አይገባበት" አለኝ፤ እኔም አምኜ ከፈልኩ። ዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ ያግዳል እንጂ አዳኝ እንዳይገባ አያግድም። በመቆንጠጫ አንዷን ክር ስትይዟትና ስትስቧት ትበጠሳለች። ውሻ በጥርሱ ይበጥሳታል፣ አይጥ በቀዳዳው ያልፋል። አሁን መስኮቶቹ ላይ ያለው በብየዳ የተሠራው ወፍራም ሽቦ ነው፤ ቀዳዳው ከትንሿ ጣቴ አይሰፋም። ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው። ሁሉንም በአንዴ መግዛት ስላልቻልኩ በሦስት ደሞዝ ነው የጨረስኩት፤ እስኪያልቅ ድረስ ዳክዬዎቹ ኩሽና አደሩ።

አባባ የነገሩኝ መለኪያ አለ፤ ሎሚ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ በር ነው። ሸለምጥማጥ ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው አካሏ ይከተላል። ስለዚህ ጭቃው ሲደርቅ የሚሰነጠቀውን፣ ቆርቆሮውና ግድግዳው የሚገናኙበትን፣ በሩ ሥር ያለውን ክፍተት፣ ሎሚ ይዤ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ስለካ ዋልኩ። አሥራ አንድ ቦታ አገኘሁ። ቤቱን "ደህና ነው" እያልኩ ሦስት ዓመት ኖሬበታለሁ!

ለሚቆፍሩት ደግሞ ግድግዳውን ወደታች ማስረዘም አይጠበቅባችሁም። ሽቦውን ከግድግዳው ሥር ጀምራችሁ ወደ ውጪ ግማሽ ሜትር ያህል መሬት ላይ ዘርጉት፣ ድንጋይ ጫኑበት፣ አፈር አልብሱት፤ ሣር ይበቅልበታል። የሚቆፍር እንስሳ ግድግዳው ሥር ነው የሚጀምረው፤ ሽቦው ላይ ይደርሳል፣ ይሞክራል፣ ይተወዋል። ግማሽ ሜትር ወደኋላ ተመልሶ ልጀምር ብሎ አያስብም። በሩ ላይ ያለው መቀርቀሪያ ደግሞ ጦጣ የማይከፍተው መሆን አለበት። ጦጣ ገፋ አድርጎ የሚከፈት መቀርቀሪያ አይቶ አይማርም ብላችሁ አታስቡ። እኔ ቁልፍ ነው ያደረግኩበት።

የአየር ነገር እንዳይረሳ። ዳክዬ ስትተነፍስ ብዙ እርጥበት ታወጣለች፣ ኩሷም ውሃ ነው። ሁሉንም ቀዳዳ ደፍናችሁ ብትዘጉባቸው ጠዋት ግድግዳው አልቦ ታገኙታላችሁ። ከላይ በኩል፣ ከራሳቸው በላይ፣ በወፍራም ሽቦ የተሸፈነ ሰፊ መተንፈሻ ተውላቸው። መሬቱ ላይ ጭድ ወይም ሰጋቱራ።

ጠዋት ቶሎ አልለቃቸውም። ከንጋቱ በፊትና በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚጥሉት፤ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ካቆየኋቸው እንቁላሉን ውስጥ አገኘዋለሁ። ማልደው የሚዞሩት የሰፈር ውሾችም እስከዚያ አልፈው ይሄዳሉ። እኔ ሥራ ቀድሜ ስለምሄድ የጎረቤታችን ልጅ ከትምህርት ቤት ፈረቃዋ በፊት ትከፍትላቸዋለች። ከእንቁላሉ ድርሻ አላት። እሷ ደፍረው ከሚበሉት አንዷ ናት።

ቀን ያለው ሥጋት ሌላ ነው። ከሰማይ ነው የሚመጣው። ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ፣ የዓሣው ትርፍራፊም ስላለ፣ ከተማችን ላይ ጭልፊት ሁልጊዜ ይዞራል። ለትልቅ ዳክዬ ብዙ አያሰጋም። ለጫጩት ግን ያሰጋል። ጦጣውም ለእንቁላልና ለጫጩት ነው የሚመጣው። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍም ቢሆን ከሰው ጎን ቆሞ ዓሣ ሲለምን ስላየነው የዋህ ይመስለናል እንጂ አፉ የሚችለውን ጫጩት አይምርም።

አንድ ነገር ልብ ብላችሁ እዩ። ዳክዬ ድንገት ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዘንብላ፣ አንድ ዓይኗን ወደ ሰማይ አድርጋ፣ ባለችበት ደርቃ ትቆማለች። ዓይኗ በጎኗ ስለሆነ ቀና ብላ ማየት አያስፈልጋትም፤ አዘንብላ ታያለች። ኩሪ እንዲህ ስትሆን እኔም ቀና እላለሁ፤ ብዙ ጊዜ ምንም አይታየኝም። ትንሽ ስቆይ እዚያ ከታቦር ተራራ በላይ፣ ነጥብ የምታክል ነገር ስትዞር አገኛታለሁ። እሷ ቀድማኝ አይታታለች።

ሲተኙም እንደዚያው ናቸው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በረድፍ የተኙ ዳክዬዎችን ተከታትሎ፣ ጫፍና ጫፍ ያሉት አንድ ዓይናቸውን ገልጠው እንደሚተኙ፣ የሚገልጡትም ከጓደኞቻቸው በተቃራኒ ወደ ውጪ ያለውን ዓይን እንደሆነ አሳይቷል። ግማሹ አንጎላቸው ተኝቶ ግማሹ ይጠብቃል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ከቀትር በኋላ ከእንሰቱ ሥር ሲያሸልቡ ጠጋ ብዬ አየሁ። ዳማ መሐል ሆና ሁለቱንም ጨፍናለች። ቡሬ በዳር ናት፤ ወደኔ ያለው ዓይኗ ክፍት ነው። ያን ማታ በዳር የተኛችው ሻሼ ነበረች ይሆን እያልኩ አስባለሁ። በሩ አጠገብ ነበር ያገኘኋት።

ከጭልፊት የሚያድናቸው አጥር አይደለም፣ ጣሪያ ነው። ጣሪያ ስል የግድ ቆርቆሮ ማለቴ አይደለም። የእንሰት ቅጠል ሰፊ ነው፣ ከታች ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። ግቢያችን ውስጥ ሰባት እንሰት አለ፣ ሦስት ሙዝ አለ፤ ዳክዬዎቹ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄዱ ከአሥር እርምጃ በላይ ገላጣ ቦታ እንዳይኖር አድርጌ ነው በመሐል ቁጥቋጦ የተከልኩት። ኩሪ ስትጮኽ ሁሉም በቅጽበት ቅጠል ሥር ናቸው።

አምና ዳማ በሃያ ስምንተኛው ቀን ስድስት ጫጩት ስትፈለፍል ግን ቅጠሉ አይበቃም ብዬ ከዓሣ አጥማጆች አሮጌ መረብ ገዛሁና ከላይ ወጠርኩ። ወጠርኩ ልበል እንጂ አልወጠርኩትም፤ ላላ ብሎ ተንጠልጥሎ ነበር። በማግስቱ አንዲት ትንሽ ወፍ ተጠልፋበት አገኘኋት። ክንፏ በቀጭኑ ክር ተተብትቧል፣ ልቧ እጄ ውስጥ እንደ ሰዓት ይመታል። በጥፍር መቁረጫ መቀስ አንድ በአንድ ቆርጬ አላቀቅኳት፤ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። በረረች። መረቡን ያኔውኑ አወረድኩት። ከዚያ ወፍራም ክር ያለውን፣ ከሩቅ የሚታየውን ፈልጌ፣ ከአራት ማዕዘን በእንጨት ወጥሬ፣ ከራሴ በላይ አድርጌ ሰቀልኩት። መረብ ከሰቀላችሁ በየቀኑ እዩት። የምትጠብቁት ዳክዬ ሌላውን ወፍ መግደያ ምክንያት መሆን የለበትም።

"ሐይቁ እያለልሽ ምን አስጨነቀሽ፣ እዚያ ልቀቂያቸው፣ አገራቸው ነው" የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ክፋት የላቸውም፣ ደግነት መስሏቸው ነው። ግን የቤት ዳክዬ የሐይቅ ወፍ አይደለችም። ሰው ለብዙ ዘመን አሳድጎ አሳድጎ አካሏን አከበደው፤ የኔዎቹ አጥር እንኳ መዝለል አይችሉም። ነጭ ላባ ውሃ ላይ ከሩቅ ይታያል። የሐይቁ ንስር ዓሣ ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ የውሃ ወፍም ይይዛል። ጠዋት ተነስታ ፉርሽካ የሚሰጣትን ሰው ስትፈልግ የምትውል ዳክዬ፣ ሐይቅ ላይ ተጣለች እንጂ ነፃ ወጣች አይባልም።

የመርዙን ነገርም ልናገር። ያን ሰሞን አንድ የሰፈር ልጅ "እትዬ፣ ሥጋ ላይ መርዝ አድርጌ ልጣልልሽ፣ በአንድ ቀን ትገላገያለሽ" አለኝ። ስለሚያዝንልኝ ነው። ሻሼን አብሮኝ የቀበረው እሱ ነው። ቁጭ አድርጌ አወራሁት። መርዝ ሸለምጥማጧ ጋ አያቆምም። ስትሞት ውሻ ይበላታል፣ ድመት ይበላታል፣ ጥንብ አንሳ ይወርድባታል። ያቺ ትንሿ፣ ፊቷ ቀይ ጥንብ አንሳ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ደረጃ እጅግ ለከፋ የመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ወፎች ተርታ ተመድባለች፤ አንዱ ትልቅ ምክንያት መርዝ ነው። ደግሞስ ሸለምጥማጧ ከዳክዬ ይልቅ ብዙ የምትበላው አይጥ ነው። እሷን ብንገድል አይጡ ይበዛል፤ ጫጩቶቹን ከሥር እየጎተተ የሚወስድብኝ ደግሞ አይጥ ነው። ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና "ታዲያ ዝም ብለሽ ልትተያት ነው?" አለኝ። በሩን እዘጋለሁ አልኩት።

አሁንም ትመጣለች። እሷ ትሁን ልጇ አላውቅም። ሌሊት አልፎ አልፎ ቆርቆሮው ላይ ቀላል እርምጃ እሰማለሁ። ዳክዬዎቹ ትንሽ ያጉረመርማሉ። ከዚያ ፀጥ ይላል፣ አቮካዶው ይነቃነቃል፣ ሄዳለች። በፊት በፊት ተነስቼ እወጣ ነበር። አሁን አልነሳም፤ ማታ ስዘጋ ቆጥሬያቸዋለሁ። መቁጠር ልማድ ሆኖብኛል። በዓይን ገምቼ "ሁሉም አሉ" አልልም፤ በጣቴ እየጠቆምኩ በየስማቸው ነው የምቆጥረው። አሁን ሰባት ናቸው፤ ከስድስቱ ጫጩቶች አራቱ አድገዋል።

ባለፈው ፋሲካ እህቴ እንደገና መጣች። ያን ማታ ስላለፈው ነገር ሁለታችንም አንስተን አናውቅም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ሄድን፣ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ወንበር ማለት ይቻላል። ጀልባዎቹ ይመላለሳሉ፣ አባ ኮዳዎቹ ዛፉ ላይ ተደርድረዋል፣ ወሬያችን ጣፍጦ ነበር፣ የእናታችንን ነገር እያወራን። ሻዩ ገና አላለቀም። እህቴ ስልኳን አየችና ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

"ተነሺ" አለችኝ፣ "12 ሰዓት ሊሆን ነው። ዛሬ እኔ ነኝ የምቆጥራቸው።"